12ቱን ቡድን ራሳችሁ ምረጡ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የሻምፒዮን ክርክር በወረቀትና በእርሳስ

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ቡድን አለ። እያንዳንዱ ከሌላው ጋር በሜዳውም ከሜዳው ውጭም ይጫወታል፤ ከ38ኛው ጨዋታ በኋላ ሰንጠረዡን ያየ ሰው ሻምፒዮኑ ማን ነው ብሎ አይከራከርም። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ይህን ማድረግ አይችልም። በ2025 የውድድር ዘመን በከፍተኛው እርከን 136 ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ከሌሎቹ 135 ቡድኖች ቢያንስ 123ቱን ሳይገጥም ወቅቱ ያልቃል። በዚያ ላይ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን ሲ ደብል ኤ በታችኞቹ እርከኖች ሁሉ ዋንጫ ሲሰጥ፣ በዚህኛው እርከን ግን አይሰጥም። ሻምፒዮኑ የሚለይበትን የ12 ቡድን የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ፕሌይኦፉን፣ የሚያስተዳድሩት ኮንፈረንሶቹ (ትምህርት ቤቶቹ የሚሰባሰቡባቸው ሊጎች) ራሳቸውና የትኛውም ኮንፈረንስ ውስጥ በፉትቦል ያልገባው ኖተር ዴም ናቸው። እንግዲህ ሰው ወይም ቀመር መፍረድ አለበት፤ ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በኮሎምበስ፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ የምትኖሩ ከሆነ ኖቬምበር ሲገባ ከዚህ ወሬ ማምለጫ የላችሁም። 12ቱን ቡድን የሚመርጠውን ኮሚቴ ሥራ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት ግን ክርክሩ ውስጥ የቱ ነጥብ ክብደት እንዳለው፣ የቱ ጩኸት ብቻ እንደሆነ ወዲያው ትለያላችሁ። ከታች ያለው አካሄድ 12 ቡድን ከመምረጥ ተነሥቶ፣ ድልድሉን አውጥቶ፣ «16 ይሁን፣ 24 ይሁን» የሚሉትን ሐሳቦች እስከ መፈተን ይደርሳል።

የሚያስፈልጋችሁ

የኮሚቴው የ25 ቡድኖች ደረጃ፣ ለቦታው ይበቃሉ የምትሏቸው የ30 ያህል ቡድኖች ሙሉ ውጤት፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር፣ እና ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነ ከ5 እስከ 9 ሰዎች። ትክክለኛው ኮሚቴ 13 አባላት አሉት። ከ5 ሰው በታች ከሆናችሁ የአንድ ሰው ስሜት ብቻውን ውጤቱን ይገለብጠዋል። ሦስት ሰዓት ያህል መድቡለት።

ለመለማመጃ የ2025ን የመጨረሻ ደረጃ ውሰዱ፦ 1 ኢንዲያና፣ 2 ኦሃዮ ስቴት፣ 3 ጆርጂያ፣ 4 ቴክሳስ ቴክ፣ 5 ኦሬገን፣ 6 ኦል ሚስ፣ 7 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ 8 ኦክላሆማ፣ 9 አላባማ፣ 10 ማያሚ፣ 11 ኖተር ዴም፣ 12 ብሪገም ያንግ፣ 13 ቴክሳስ፣ 14 ቫንደርቢልት፣ 15 ዩታ። ከታች ደግሞ 20ኛ ቱሌንና 24ኛ ጄምስ ማዲሰን አሉ፤ ሁለቱ ለምን እንዳስፈለጉ ቆይተን እናያለን።

መጀመሪያ ጥያቄውን ወስኑ

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፦ የምትመርጡት ዛሬ ቢጫወት የሚያሸንፈውን ቡድን ነው? ወይስ በወቅቱ ሙሉ በሠራው ሥራ ቦታው የሚገባውን ቡድን? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ሲለያዩ ግን ጠብ ይነሣል። ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉ ሰዎች የተለያየ ጥያቄ ይዘው አንድ ድምፅ ሲሰጡ የሚወጣው ደረጃ ማንም ሊያብራራው የማይችል ይሆናል።

ይህ በግልጽ የታየው በ2023፣ ፕሌይኦፉ የሚያስገባው አራት ቡድን ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ፤ የኤ ሲ ሲ ኮንፈረንስም ሻምፒዮን ሆነ። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ጆርዳን ትራቪስ ግን ኖቬምበር ላይ እግሩ ተሰብሮ ወጥቶ ነበር። ኮሚቴው «ያለ እሱ ይህ ሌላ ቡድን ነው» ብሎ አምስተኛ አደረገውና፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ አራተኛ ሆኖ ገባ። በሥራው ለሚፈርድ ሰው ይህ ዝርፊያ ነው፤ በጥንካሬ ለሚፈርድ ሰው ደግሞ ትክክል ነው። ከዚያ ፍሎሪዳ ስቴት በኦሬንጅ ቦውል (ቦውል ከመደበኛው ወቅት በኋላ በጥሪ የሚደረግ ጨዋታ ነው) በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ፤ ኮሚቴውን የሚደግፉ ይህን ማስረጃ ያደርጉታል። አትቀበሉት። ብዙ ተጫዋቾች ከዚያ ጨዋታ ራሳቸውን አግልለው ነበር፤ ዋንጫ የሌለበት ጨዋታ ዋንጫ ላለበት ምስክር አይሆንም።

የጉዳት ክርክር ሲመጣባችሁ 2014ን አንሡ። ኦሃዮ ስቴት ሁለት ኳርተርባኮች ተጎድተውበት በሦስተኛው ተጫዋች በካርዴል ጆንስ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 አሸንፎ አራተኛ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሬገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስተኛው ኳርተርባክ ምን እንደሚያደርግ ከጨዋታው በፊት የሚያውቅ ኮሚቴ የለም። የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ በሥራ ፍረዱ፤ የጥንካሬ ግምትን ሁለት ቡድኖች በሥራ ፈጽሞ እኩል ሲሆኑ ብቻ አውጡት። ግምት የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ስሙ ወደ ገነነው ትምህርት ቤት ያዘነብላል።

ሁለት ቡድኖችን ማወዳደር

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ደረጃ የሚባለው የብዙ ጥንድ ንጽጽሮች ድምር ስለሆነ፣ ሁለት ቡድኖችን በትክክል ማወዳደር የሚችል ሰው ሌላው አይከብደውም። ኮሚቴው ተቀራራቢ ቡድኖችን ሲለይ የሚያያቸው የኮንፈረንስ ሻምፒዮንነትን፣ የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ፣ የእርስ በርስ ውጤትንና የጋራ ተጋጣሚዎችን ነው፤ የተጫዋች ጉዳትም ይታያል። የ2025ቱን ማያሚንና ኖተር ዴምን እንውሰድ። ሁለቱም 10 አሸንፈው 2 ተሸንፈዋል፤ ሁለቱም የኮንፈረንስ ፍጻሜ አልተጫወቱም።

በመጀመሪያ መዝገቡን አጽዱ። በታችኛው እርከን ባለ ቡድን ላይ የተገኘ ድል አይቆጠር። ማያሚ ቤቱን-ኩክማንን ያሸነፈበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ነው፤ ስለዚህ 9 ድልና 2 ሽንፈት ይቀሩታል። ኖተር ዴም እንዲህ ያለ ጨዋታ ስላልነበረው 10 ለ 2 ሆኖ ይቆያል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል።

ቀጥሎ ሽንፈቶቹን መዝኑ። የአሸናፊውን ቡድን የመደበኛ ወቅት መዝገብ ጻፉ፤ ከዚያ ራሱ የምትመዝኑትን ቡድን ያሸነፈበትን ጨዋታ ቀንሱ፤ ካልቀነሳችሁ አንዱን ውጤት ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ኖተር ዴም የተሸነፈው በማያሚ 27 ለ 24 እና በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40 ነው። ማያሚ 10 ለ 2 ነበር፣ ሲቀነስ 9 ለ 2፤ ኤ ኤንድ ኤም 11 ለ 1 ነበር፣ ሲቀነስ 10 ለ 1። ድምሩ 19 ድል፣ 3 ሽንፈት። ማያሚ የተሸነፈው በሉዊቪል 24 ለ 21 እና በኤስ ኤም ዩ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 20 ነው። ሁለቱም 8 ለ 4 ነበሩ፤ ሲቀነስ 7 ለ 4 እና 7 ለ 4፣ ድምሩ 14 ለ 8። ኖተር ዴም በሁለቱ ሽንፈቶች በጠቅላላው በ4 ነጥብ ተበለጠ፤ ማያሚ በ9። እዚህ ላይ ኖተር ዴም ይበልጣል፤ አያከራክርም።

ከዚያ የጋራ ተጋጣሚዎች። አራት አሏቸው፤ ሁለቱም አራቱንም አሸንፈዋል። ኖተር ዴም ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን 36 ለ 7፣ ፒትስበርግን 37 ለ 15፣ ሲራኪዩስን 70 ለ 7፣ ስታንፎርድን 49 ለ 20 አሸነፈ። ማያሚ በዚያው ቅደም ተከተል 41 ለ 7፣ 38 ለ 7፣ 38 ለ 10 እና 42 ለ 7። የነጥብ ልዩነቱን ደምሩ፦ ኖተር ዴም 29፣ 22፣ 63 እና 29፣ በአጠቃላይ 143፤ ማያሚ 34፣ 31፣ 28 እና 35፣ በአጠቃላይ 128። ኖተር ዴም በለጠ ማለት ነው? ሲራኪዩስ ላይ የተቆለለውን 63 ተመልከቱ። አንድ ጨዋታ ብቻውን የድምሩን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ጣሪያ አብጁ፤ 28 ነጥብ፣ ማለትም አራት ተችዳውን (ኳሱን እስከ መጨረሻው ክልል በማድረስ የሚገኝ 6 ነጥብ) ከነተጨማሪ ነጥባቸው፣ ጥሩ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የተጠባባቂዎች ጨዋታ ነው። አሁን ኖተር ዴም 28፣ 22፣ 28 እና 28 ሆኖ 106 ያገኛል፤ ማያሚ አራት ጊዜ 28፣ 112። ደረጃው ተገለበጠ። በነጥብ ልዩነት የሚከራከር ሰው ሲመጣባችሁ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ ካልነገራችሁ ቁጥሩን አትመኑ።

በመጨረሻ የእርስ በርስ ውጤት። ኦገስት 31 ቀን ማያሚ በሜዳው 27 ለ 24 አሸንፏል። ይህ የመጨረሻ የሚሆነው ሌላው ሁሉ ሲቀራረብ ነው፤ አንዱ 12 ለ 0፣ ሌላው 7 ለ 5 ከሆነ ትርጉም የለውም። እዚህ ግን መዝገቡ እኩል፣ የጋራ ተጋጣሚው እኩል ሊባል የሚችል፣ ሽንፈቱ ለኖተር ዴም ያደላ ነው። በእኛ ሚዛን ሜዳ ላይ የተገኘው ውጤት ማያሚን ያስቀድማል፤ ኮሚቴውም በመጨረሻው እሑድ እንዲሁ ፈረደ።

ችግሩ ኮሚቴው እስከዚያ እሑድ ድረስ በየሳምንቱ ኖተር ዴምን ሲያስቀድም መቆየቱ ነው። ከመጨረሻው በፊት በነበረው ደረጃ ኖተር ዴም 10ኛ፣ ብሪገም ያንግ 11ኛ፣ ማያሚ 12ኛ ነበሩ። ከዚያ ብሪገም ያንግ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በቴክሳስ ቴክ 34 ለ 7 ተሸንፎ ከመካከል ወጣ፤ ማያሚና ኖተር ዴም ጎን ለጎን ሆኑ፤ ያኔ የኦገስቱ ውጤት ታየ። ሁለቱም ያን ሳምንት ኳስ አልነኩም፤ ቦታቸው ግን ተቀያየረ። ኖተር ዴም ተቆጥቶ የቦውል ጨዋታ ጥሪውን ሳይቀበል ቀረ። በቤታችሁ ይህ እንዳይደርስባችሁ እርስ በርስ የተጫወቱ ቡድኖችን ስም ዝርዝር ከመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ማንም በመካከላቸው ቢገባ እንኳ ጥንዱ ይታይ።

የተጋጣሚ ጥንካሬን በቀመር ማስላት

ሁለት የፍጻሜ ቡድኖችን ብቻ ይመርጥ በነበረው፣ ቢ ሲ ኤስ በሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ጊዜ ድምፅ ከነበራቸው ስድስት የኮምፒውተር ደረጃዎች አንዱ የኮሊ ቀመር ነበር፤ ቀመሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ቤት ውስጥ ይሠራል። መነሻው ቀላል ነው፦ የድሉ ቁጥር ሲደመር 1፣ ለጨዋታው ቁጥር ሲደመር 2 ይካፈላል። የጸዳው የኖተር ዴም 10 ለ 2 መዝገብ 11 ለ 14 ሲካፈል 0.786 ይሆናል፤ የማያሚ 9 ለ 2 ደግሞ 10 ለ 13 ሲካፈል 0.769። ይህ ተጋጣሚውን ገና አያውቅም። በሁለተኛው ዙር እንዲህ አስሉ፦ ከድል ላይ ሽንፈትን ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ 1 ጨምሩ፣ የተጋጣሚዎቹን ሁሉ ነጥብ ደምሩበት፣ ጠቅላላውን በጨዋታው ቁጥር ሲደመር 2 አካፍሉ። ለሁሉም ቡድን ሠርታችሁ አዲሱን ነጥብ ይዛችሁ እንደገና ዙሩ፤ ለውጡ ከ0.001 በታች ሲሆን አቁሙ። 136ቱንም ቡድን ማስገባት ስላለባችሁ ይህን በኤክሴል ሥሩት። 30 ቡድን ብቻ አስገብቶ ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ደካሞቹ ከሌሉ ጠንካራው ከምን ጋር ተወዳድሮ ጠንካራ እንደሆነ ቀመሩ አያውቅም።

ቀመሩ የነጥብ ልዩነትን ጨርሶ አያይም፤ ስምንም አያይም። በ2017 13 ለ 0 የነበረውን የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሚቴው ያንኑ ቡድን 12ኛ አድርጎ አራቱ ውስጥ አላስገባውም። ቡድኑ በፒች ቦውል ኦበርንን 34 ለ 27 አሸንፎ ራሱን ሻምፒዮን ብሎ አወጀ፤ ፕሌይኦፉን ያሸነፈው አላባማ ነበር።

ድምፅ አሰጣጡ

የኮሚቴው አካሄድ ብዙ ሰው እንደሚመስለው «25 ጻፉና አማካይ እናውጣ» አይደለም። እንዲህ ነው።

እያንዳንዱ አባል ያለ ቅደም ተከተል 30 ቡድን ይጽፋል፤ ቢያንስ ሦስት አባላት የጻፉት ቡድን በዝርዝሩ ይቆያል። እናንተ ከ5 እስከ 9 ከሆናችሁ ሁለት ሰው ይበቃል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ምርጥ የሚላቸውን 6 ያለ ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት 6 ይወሰዳሉ። አሁን እያንዳንዱ እነዚያን 6 ከ1 እስከ 6 ይደረድራል። አንደኛ 1 ነጥብ፣ ስድስተኛ 6 ነጥብ። ነጥቡ ተደምሮ ትንሹን ያገኙት ሦስቱ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገራሉ፤ ሦስት አዳዲስ በድምፅ ይጨመሩባቸዋል። እንዲህ ሦስት ሦስት እየተለቀመ ይወርዳል።

በየዙሩ መጨረሻ ድምሩን አረጋግጡ። አንድ ሰው ከ1 እስከ 6 ሲደረድር 21 ነጥብ ይሰጣል፤ 7 ሰዎች ከሆናችሁ የስድስቱ ቡድኖች ጠቅላላ ነጥብ በትክክል 147 መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ሰው ቁጥር ደግሟል ወይም ዘልሏል፤ ዙሩን ድገሙት እንጂ ለመጠገን አትሞክሩ።

ድምፁ በወረቀት ይሁን፤ በቃል ከሆነ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ይከተላል። የኮሚቴው አባል ደመወዝ የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ቡድን ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣል። እናንተም ልጁ የሚማርበት ወይም ራሱ የተመረቀበት ቡድን ሲነሣ ሰውየው ሻይ ያፍላ። ተንኮል ደግሞ አለ፦ የራሱን ቡድን ለማስቀደም ተፎካካሪውን ሆን ብሎ 6ኛ የሚያደርግ። 7 እና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ ጣሉ፤ ተንኮሉ ይሞታል። ድምፅ የምትጥሉ ከሆነ ግን የ147ቱን ማረጋገጫ ከመጣላችሁ በፊት ሥሩ።

12ቱን መለየትና ድልድሉን ማውጣት

በ2025 በተሠራበት ደንብ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ይገባሉ፤ አምስቱ በደረጃው ከፍ ብለው የተገኙት ሻምፒዮኖች ናቸው። ቀሪው ሰባት ቦታ በደረጃ ይሞላል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ አስቀድማችሁ ሻምፒዮኖቹን አክብቡ፤ ከዚያ ያልተከበቡትን ከላይ ጀምራችሁ ሰባት ቁጠሩ። ሌላ አቋራጭ አትፈልጉ። «ከ12 ውጭ ያሉ ሻምፒዮኖችን ከ12 ቀንስ» የሚለው ዘዴ በ2025 ይሠራል፤ ሻምፒዮኖቹ ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን ከ12 ውጭ ስለሆኑ መስመሩ 10ኛው ላይ ያልቃል፣ 11ኛው ኖተር ዴምና 12ኛው ብሪገም ያንግ ይቀራሉ። በ2024 ግን ያሳስታችኋል፤ ከ12 ውጭ የነበረው 16ኛው ክሌምሰን ብቻ ነው፣ ሆኖም 12ኛው አሪዞና ስቴት ሻምፒዮን ስለነበረ 11ኛው አላባማ ወደቀ።

ሻምፒዮን መሆን ብቻውንም አይበቃም ነበር። በ2025 ኤ ሲ ሲን ያሸነፈው ዱክ 8 ለ 5 ስለነበረ ከአምስቱ ውስጥ አልገባም፤ ቦታውን ጄምስ ማዲሰን ወሰደ።

ድልድሉ ቋሚ ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። 5 ከ12፣ 6 ከ11፣ 7 ከ10፣ 8 ከ9 ይጫወታሉ፤ ጨዋታው ከ5 እስከ 8 ባሉት ሜዳ ነው። የ8 እና የ9 አሸናፊ ከ1 ጋር፣ የ7 እና የ10 ከ2 ጋር፣ የ6 እና የ11 ከ3 ጋር፣ የ5 እና የ12 ከ4 ጋር። ከዙር ዙር እንደገና አይደለደልም፤ ይህን የሚረሳ ሰው ግማሽ ፍጻሜውን ተሳስቶ ይሞላዋል።

2024 ላይ ደንቡ የተለየ ነበር፤ አራቱ ማረፊያ ቦታዎች ለሻምፒዮኖች ብቻ ነበሩ። 9ኛው ቦይሲ ስቴት 3 ቁጥር፣ 12ኛው አሪዞና ስቴት 4 ቁጥር ሆኑ። ጉዳቱ የወደቀው አንደኛው ላይ ነው፦ በደረጃ 6ኛ የነበረው ኦሃዮ ስቴት 8 ቁጥር ተሰጥቶት ሩብ ፍጻሜ ላይ ኦሬገንን አገኘ፤ 41 ለ 21 አሸንፎትም ወደ ዋንጫው ሄደ። ያንኑ ዓመት በ2025ቱ ደንብ ብትሠሩት 3 ቴክሳስ፣ 4 ፔን ስቴት ይሆናሉ፤ ኦሬገንም የሚጠብቀው የኢንዲያናንና የቦይሲ ስቴትን አሸናፊ ነው። እንድትሠሩት እንመክራለን፤ አንዲት የደንብ መስመር ምን ያህል እንደምታንቀሳቅስ በዓይን ይታያል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትከታተሉ፦ የመጨረሻው ደረጃ በአሜሪካ ምሥራቅ አቆጣጠር እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሲወጣ ለእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ያለው ፍጻሜ ደግሞ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9፡30 አካባቢ ይጀምራል።

የለውጥ ሐሳቦችን መፈተን

«እንዲህ ቢደረግ ይሻላል» የሚል ሐሳብ ሲመጣ በዚያ ዓመት ቡድን ላይ ብቻ አትሞክሩት። ቢያንስ አምስት የተለያዩ ዓመታት ላይ አስኪዱት፤ በየዓመቱ ያልተሸነፈ ቡድን ውጭ ይቀራል ወይ፣ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው ማን ነው፣ አሸናፊው ስንት ጨዋታ ይጫወታል የሚለውን መዝግቡ።

ጋዜጠኞችና አሰልጣኞች በድምፅ ብቻ ይምረጡ ለሚሉ 1973ን ስጡ። የአሰልጣኞቹ ድምፅ የሚሰጠው ከቦውል ጨዋታዎች በፊት ስለነበረ አላባማ ሻምፒዮን ተባለ፤ ከዚያ በሹገር ቦውል በኖተር ዴም 24 ለ 23 ተሸነፈ፤ ጋዜጠኞቹ ኖተር ዴምን መረጡ። 1997 ላይ ደግሞ ሚሺጋንና ኔብራስካ ሁለቱም ሳይሸነፉ ዋንጫውን ለሁለት ተካፈሉ።

ኮምፒውተርና ሰው ተደባልቀው ሁለት ቡድን ብቻ ለፍጻሜ ይምረጡ ለሚሉ፣ ከ1998 እስከ 2013 የነበረው ቢ ሲ ኤስ አለ። በ2003 በሁለቱም የሰው ድምፆች አንደኛ የነበረው ዩ ኤስ ሲ ከፍጻሜው ቀረ፤ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በካንሳስ ስቴት 35 ለ 7 የተሸነፈው ኦክላሆማ ገባ። በ2004 ኦበርን ሳይሸነፍ ወቅቱን ጨርሶ ዕድል አላገኘም። 2011 ላይ ኤል ኤስ ዩ በመደበኛው ወቅት አላባማን በአላባማ ሜዳ 9 ለ 6 አሸንፎ ሳለ ፍጻሜው እንደገና ሁለቱን አገናኘ፤ አላባማ 21 ለ 0 አሸነፈ። አራት ቡድን ቢሆን 2003ና 2004 ይፈቱ ነበር፤ 2017ና 2023 ግን አራት ቡድን ባለበት ዘመን ነው የተበላሹት።

12 የመጣው ያንን ለመፍታት ነው፤ ፈቷልም። ያልተሸነፈ የትልቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ከእንግዲህ ውጭ አይቀርም። ዋጋው ሌላ ቦታ ተከፈለ። ኦሃዮ ስቴት በ2024 መደበኛውን ወቅት የዘጋው በሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፎ ነበር፤ ድሮ ያ ሽንፈት ወቅቱን ይዘጋበት ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ሻምፒዮን ከመሆን አላገደውም። የጨዋታውም ቁጥር አድጓል፦ ኢንዲያና በ2025 ዋንጫውን ለማንሣት 16 ጨዋታ ተጫውቶ 16ቱንም አሸነፈ። ማረፊያ ያላገኘ የኮንፈረንስ ፍጻሜ ተጫዋች እስከ 17 ሊደርስ ይችላል። ለተማሪ አካል ይህ ብዙ ነው፤ 24 ለሚሉ ሰዎች በቅድሚያ የሚቀርብ ጥያቄም ይኸው ነው። በታችኛው እርከን 24 ቡድን ያለው ፕሌይኦፍ አለ፤ እዚያ ግን መደበኛው ወቅት የሚያልቀው ቀደም ብሎ ነው።

ባለ 16ው ሐሳብ በሁለት መልክ መጥቷል። አንደኛው አምስት ሻምፒዮኖችና 11 በደረጃ የሚገቡ። ሁለተኛው ከቢግ ቴን ኮንፈረንስ የመጣው ነው፦ ከአራቱ ትላልቅ ኮንፈረንሶች ለቢግ ቴንና ለኤስ ኢ ሲ አራት አራት፣ ለኤ ሲ ሲና ለቢግ ቱዌልቭ ሁለት ሁለት፣ ለሌሎቹ አንድ፣ ሦስት በደረጃ። ሁለተኛውን ብዙ አትድከሙበት፤ ወቅቱ ሳይጀመር ቦታ የሚያከፋፍል ደንብ የሚመዝነው የኮንፈረንስን አቅም እንጂ የቡድንን ሥራ አይደለም። የመጀመሪያውን በ2025 ዝርዝር ላይ ስታስኬዱት ኖተር ዴም፣ ብሪገም ያንግ፣ ቴክሳስና ቫንደርቢልት ይገባሉ። ቀጥሎ የሚጮኸው 15ኛው ዩታ ነው፤ እሱም እንደ ቫንደርቢልት 10 ለ 2።

ከ2026 ጀምሮ ይሠራበታል የተባለው ስምምነት የ12ን ቁጥር ይዞ ሁለት ነገር ይቀይራል፦ የአራቱ ትላልቅ ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖች ደረጃቸው ምንም ይሁን ይገባሉ፤ ኖተር ዴምም ከ12ኛ በላይ ወይም 12ኛ ላይ ከተገኘ ይገባል። የመለማመጃ ዝርዝራችሁን እንደገና አውጡና በዚህ ሥሩት። መጀመሪያ ዱክን አስገቡ፤ ጄምስ ማዲሰን ይወጣል። ከዚያ 11ኛውን ኖተር ዴምን አስገቡ፤ አንድ ቡድን ከሰባቱ መሰረዝ አለበት፣ የመጨረሻውም 10ኛው ነው። 10ኛው ማያሚ ነው፤ ኖተር ዴምን ያሸነፈው፣ በ2025 ፕሌይኦፍም እስከ ፍጻሜው ደርሶ በኢንዲያና 27 ለ 21 የተሸነፈው።